የስቶክሆልም የመጨናነቅ ክፍያ፦ የሕዝብ ሐሳብ እንዴት ተገለበጠ (የጉዳይ ጥናት)

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2006 ከጠዋቱ 12፡30 ላይ፣ ወደ ስቶክሆልም መሃል ከተማ በሚያስገቡና ከዚያ በሚያስወጡ 18 ቦታዎች የተተከሉ ካሜራዎች የመኪና ሰሌዳ ማንበብ ጀመሩ (ቀናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሰሞን መጨናነቅን ለመቀነስ በሚያልፈው መኪና ላይ የተጣለውን ይህን ክፍያ የሚደግፈው ከሦስት ነዋሪ አንዱ ያህል ብቻ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረጉ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ከአሥር ሰው ሰባቱ ያህል ደጋፊ ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ ዓመታት የክፍያው መጠን አንዲት ክሮና (የስዊድን ገንዘብ) አልቀነሰም። የሚከፈልበትም ሰዓት ያው ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሚከታተለው የዚያን ሐሳብ ጉዞ ነው፦ ሰው ምን ፈርቶ ተቃወመ፣ ምን አይቶ ተመለሰ፣ ማንስ ሳይመለስ ቀረ።

የከተማዋ አቀማመጥና የክፍያው አሠራር

ስቶክሆልም በደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። መሃሏ የሚገባው በጥቂት ድልድዮችና ዋና መንገዶች ነው። መኪናው የሚጨናነቅባቸው ማነቆዎች እነዚሁ ናቸው። ይህ ለነዋሪው መከራ ቢሆንም ለክፍያ ሥርዓት ግን ትልቅ ዕድል ነበር፤ 18 ነጥቦችን በመጠበቅ ብቻ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መሃል ከተማ ሙሉ በሙሉ መክበብ ተችሏል። በክበቡ ውስጥ የሚኖረው ከ300 ሺህ ያነሰ ሰው ሲሆን፣ ከክፍያው በፊት በሥራ ቀን ክበቡን የሚያቋርጠው መኪና ግን ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር።

በጣቢያዎቹ መዝጊያ ብረት የለም፣ ገንዘብ ተቀባይም የለም። ሾፌሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ከመንገዱ በላይ በተጋደመው ብረት ሥር ያልፋል። የሌዘር ጨረር መኪናው መድረሱን ይለያል፣ አንዱ ካሜራ የፊቱን ሰሌዳ፣ ሌላው የኋላውን ያነሳል። ሁለቱ መነሳታቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ በክረምት የፊቱ ሰሌዳ በበረዶና በጭቃ ቢለሰን የኋላው ያድናል። በሙከራው ወቅት ክፍያው በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ እንዲቆረጥላቸው የፈለጉ ሰዎች ምልክት ሰጪ መሣሪያ መኪናቸው ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። የካሜራው ንባብ አስተማማኝ ሆኖ በመገኘቱ መሣሪያው ኋላ ላይ ቀረ።

ታሪፉ ይህን ይመስል ነበር። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 12፡59 ድረስ 10 ክሮና፣ ከ1፡00 እስከ 1፡29 15 ክሮና፣ ከ1፡30 እስከ 2፡29 20 ክሮና፣ ከ2፡30 እስከ 2፡59 እንደገና 15፤ ከ3፡00 ጀምሮ ቀኑን ሙሉ እስከ 9፡29 ድረስ 10። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9፡30 ጀምሮ 15፣ ከ10፡00 እስከ 11፡29 20፣ ከ11፡30 እስከ 11፡59 15፣ ከምሽቱ 12፡00 እስከ 12፡29 10። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ነፃ ነበር። ሲገባም ሲወጣም ይከፈላል፤ አንድ መኪና በቀን ከ60 ክሮና በላይ አይጠየቅም ነበር። ቅዳሜና እሁድ፣ በሕዝብ በዓላትና በበዓል ዋዜማዎች ክፍያ አልነበረም፤ ቋሚው ሥርዓት ከመጣ በኋላም ጁላይ ወር በሙሉ ነፃ ነበር። ሌሊት ማንም የማይጋፋበትን ድልድይ ማስከፈል ትርጉም እንደሌለው ሾፌሩ ከታሪፉ ራሱ ማንበብ ይችላል። አንድ ክፍያ በነዋሪው ዘንድ የገንዘብ መሰብሰቢያ ሰበብ ይሁን የመጨናነቅ መፍትሔ የሚለየው እንዲህ ባለው ዝርዝር ነው ብለን እናምናለን።

አንድ የሕግ ነጥብ ደግሞ አለ፣ ውጤቱ ዓመታት ሙሉ የሚከተል። በስዊድን ሕግ አንድ ከተማ ነዋሪዋ ባልሆነ ሰው ላይ ግብር መጣል አትችልም። ስለዚህ ክፍያው በፓርላማ የጸደቀ የመንግሥት ግብር ሆነ፤ ሰብሳቢውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ገንዘቡ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ካዝና ይገባና ለክልሉ ትራንስፖርት የሚመለሰው በፖለቲካ ስምምነት ነው።

ጥርጣሬው ከየት መጣ

ስቶክሆልም ስለ መንገድ ክፍያ ስትከራከር ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ አልነበረም። በ1992 በፓርቲዎች መካከል የተደረሰና በአደራዳሪው በቤንት ዴኒስ ስም የሚጠራ ስምምነት የቀለበት መንገድ በክፍያ እንዲሠራ አቅዶ፣ በ1997 ፈርሷል። በ2002 ምርጫ ደግሞ ኋላ የከተማዋ ከንቲባ የሆኑት የሶሻል ዴሞክራቷ አኒካ ቢልስትሮም በሥልጣን ዘመናቸው የመጨናነቅ ክፍያ እንደማይኖር ለመራጩ ቃል ገቡ። ምርጫው እንዳለቀ አረንጓዴ ፓርቲ ለአገር አቀፉ መንግሥት ድጋፍ ለመስጠት በስቶክሆልም የክፍያ ሙከራ እንዲደረግ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ቃሉም ታጠፈ።

ይህን ሳይይዙ የ2005ን ቁጣ መረዳት አይቻልም። ሕዝቡ የተቆጣው በ20 ክሮና ብቻ አልነበረም። አትከፍሉም ተብሎ ድምፁን ከሰጠ በኋላ ትከፍላላችሁ ተባለ። የክፍያው ጥቅም በባለሙያ ስሌት ሲቀርብለት ስሌቱን የሚያቀርበው ቃሉን ያጠፈው አካል ነበርና ጆሮ አልሰጠውም። ከዚህ የተነሳ ከንቲባዋ ሁለት ነገር ተስማሙ፦ ነገሩ ሙሉ መጠን ያለው ሙከራ ይሆናል፣ ሙከራው ካበቃ በኋላም የከተማዋ ነዋሪ በሕዝበ ውሳኔ ይወስናል።

የሙከራው ዝግጅትም ያለ እንከን አልሄደም። የክፍያውን ሥርዓት ለመሥራት በወጣው ጨረታ አይቢኤም ሲያሸንፍ ተሸናፊው ተወዳዳሪ ይግባኝ ብሎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል የተባለው ሙከራ በሰባት ወር ተወሰነ። አጠቃላይ ወጪው፣ የተጨመሩትን አውቶቡሶች ጨምሮ፣ 3.8 ቢሊዮን ክሮና ገደማ ደረሰ። ለሰባት ወር ሙከራ ይህ ገንዘብ ብዙ ነው፤ ተቃዋሚዎቹም ይህን ቁጥር ሳይጠቅሱ አይውሉም ነበር።

ፍርሃቶቹ ምን ነበሩ? ባቡሩና አውቶቡሱ ተሳፋሪ መሸከም ያቅተዋል። ክፍያ ከሌለበት ከኤሲንጌሌደን፣ ማለትም መሃል ከተማውን በምዕራብ ከሚያልፈው ትልቁ የኢ4 አውራ ጎዳና፣ መላወሻ ይጠፋል። የመሃል ከተማ ሱቆች ገበያ ይሸሻቸዋል። ቴክኖሎጂው ይከሽፋል፣ ያላለፈ ሰው ይከፍላል። ድሃው ከመንገድ ይባረራል። ከሙከራው በፊት በነበረው መከር የጋዜጣ ዘገባዎች ሲቆጠሩ በጎ ገጽታ የነበራቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሙከራው የጸደይ ወራት ይህ ቁጥር ወደ 42 በመቶ ወጣ። ከፍርሃቶቹ አብዛኞቹ መሬት ላይ ሊፈተሹ የሚችሉ ነበሩ፤ የሙከራው ጉልበትም እዚህ ላይ ነው።

አውቶቡሱ ቀድሞ፣ ክፍያው ተከትሎ

በኦገስት 2005፣ ክፍያው ሊጀመር ወራት ሲቀሩት፣ 197 አዳዲስ አውቶቡሶችና 16 አዳዲስ መስመሮች ሥራ ጀመሩ። ከከተማ ዳር መኪና አቁሞ በባቡር የሚገባበት ማቆሚያም ሰፋ። ዋና ዓላማው ክፍያውን ሸሽቶ የሚመጣውን ተሳፋሪ መቀበል ነበር። ሳይታሰብ ግን ጥሩ ፈተና ሆነ። በእነዚያ ወራት አውቶቡስ ተጨምሮ ክፍያ አልነበረም፤ የመኪናው ቁጥርም የሚታይ ቅናሽ አላሳየም። «መጀመሪያ ትራንስፖርቱን አሻሽሉ፣ ሰው በራሱ መኪናውን ይተዋል» ለሚለው ክርክር ከዚህ የጠራ መልስ ማግኘት ይከብዳል። አውቶቡሱ ግን አላስፈለገም ማለት አይደለም፤ ክፍያው ሲጀምር ባቡሩና አውቶቡሱ የመጣባቸውን ጥቂት በመቶ ጭማሪ ያለ ትርምስ ተሸክመዋል።

የመኪናው ሰልፍ ለምን ከመኪናው ቁጥር በላይ ቀነሰ

ክፍያው በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክበቡን የሚያቋርጠው መኪና 22 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በቀን 100 ሺህ ያህል ማቋረጥ ጠፋ ማለት ነው። በዋና መግቢያዎቹ በሰልፍ የሚባክነው ጊዜ ግን ከ30 እስከ 50 በመቶ ወረደ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የጉዳዩ እምብርት ነውና ቀረብ ብለን እንየው።

ለምሳሌ በሰዓት 1,000 መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መጋጠሚያ አለ እንበል። በሰዓት 1,050 መኪና ቢመጣበት በየሰዓቱ 50 መኪና ይተርፋል። ሁለት ሰዓት ሲሞላ 100 መኪና ተሰልፏል፤ የመጨረሻው ሾፌር ስድስት ደቂቃ ይጠብቃል። ሰልፉ ወደ ኋላ ረዝሞ የቀደመውን መጋጠሚያ ከዘጋ ደግሞ ወደዚያ መሄድ የማይፈልገው መኪና ሳይቀር ይታገታል። አሁን ከ1,050ው 60 መኪና ቢቀር የሚመጣው 990 ነው፤ ሰልፉ ጨርሶ አይጀመርም። ከመቶ ስድስት የማይሞላው ቅናሽ ሰልፉን ሙሉ በሙሉ አጠፋው። የስቶክሆልም ሰው ይህን ስሌት በወረቀት ሲያይ አልተዋጠለትም ነበር። በመስኮቱ ሲያየው ግን ማስረጃ አልጠየቀም።

የጠፉት መኪኖች የት ሄዱ? ወደ ሥራ ይመላለሱ ከነበሩት አብዛኞቹ ወደ ባቡርና አውቶቡስ ዞሩ። የገበያና የጉብኝት ጉዞዎች ግን በብዙ አቅጣጫ ተበተኑ፤ አንዱ ሁለት ጉዳዩን በአንድ ጉዞ ያጠናቅቃል፣ ሌላው በአቅራቢያው ሱቅ ይገበያያል፣ ሌላው ሰዓት ይለውጣል። ሰዎች ራሳቸው ስለ ለውጣቸው ሲጠየቁ የተናገሩት ቆጠራው ካሳየው ያነሰ ነበር። የመሃል ከተማ ጉዞ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ፣ አንዱ መቅረቱን ሰውየው ራሱ ልብ አላለውም። ተቃውሞን ካለዘቡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ መሥዋዕትነቱ ሲጀመር የተፈራውን ያህል አልከበደም።

ኤሲንጌሌደን ላይ የመጣው ጭማሪ ጥቂት ነበር። የመሃል ከተማ ሱቆች ሽያጭ በሚለካ መልኩ አልተጎዳም። በመሃል ከተማ ከመኪና የሚወጣው ብክለት ከ10 እስከ 14 በመቶ ቀነሰ። ስለ ድሃው የተነሳው ጥያቄ ግን ረዘም ያለ መልስ ይሻል። ሲጠና ብዙ የሚከፍሉት የመሃል ከተማ ነዋሪዎችና ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ወንዶች ሆነው ተገኙ፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው አብዛኛው ሰው ቀድሞም በባቡርና በአውቶቡስ ነበር የሚሄደው። ይህ ስለ አማካዩ እውነት ነው። የሥራ ሰዓቱ የማይለወጥለት፣ ባቡር የማይደርስበት ሰፈር የሚኖር ሠራተኛ ግን በአማካይ ውስጥ አይታይም፤ ለእሱ 40 ክሮና በቀን ለመግባትና ለመውጣት እውነተኛ ሸክም ነበር። ጥናቱን ይዘን ይህን ሰው መርሳት የለብንም።

የተበላሸው ነገር

ቴክኖሎጂው ሠርቷል። ሰውን ያስቆጣው የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። በሙከራው ወቅት ለሾፌሩ ደረሰኝ ወይም መጠየቂያ አይላክለትም ነበር፤ ማለፉን አስታውሶ በጥቂት ቀናት ውስጥ በባንክ ወይም በመንገድ ዳር ሱቅ ሄዶ ሰሌዳ ቁጥሩን ተናግሮ መክፈል የራሱ ኃላፊነት ነበር። የረሳ ሰው 10 ክሮና የነበረችው ዕዳ ከብዙ እጥፍ ቅጣት ጋር ትመጣበታለች። ክፍያውን የሚደግፍ ሰው እንኳ ይህን ግፍ ነው ቢል አይፈረድበትም። መፍትሔው ቀላል ነበርና ኋላ ላይ ተወሰደ፤ የወሩ ማቋረጥ በሙሉ በአንድ መጠየቂያ ተሰብስቦ ለመኪናው ባለቤት ይላካል።

ሌላው ሊዲንጎ ነው። ይህች ደሴት ከየብስ የምትገናኝበት መንገድ በክፍያው ክበብ ውስጥ ብቻ ያልፋል። ነዋሪዋ ወደ ሰሜን ከተማ ልሂድ ቢል እንኳ መሃል ከተማን ሳይፈልገው መክፈሉ ነው። ስለዚህ ልዩ ደንብ ወጣ፦ ከሊዲንጎ ተነስቶ በ30 ደቂቃ ውስጥ ክበቡን አቋርጦ በሌላ ጣቢያ የወጣ መኪና አይከፍልም፤ ሲመለስም እንደዚያው። ካሜራው የሁለቱን ጣቢያ ሰዓት ያነጻጽርና ራሱ ይሠርዘዋል። አንዲት ደሴት ያለ አማራጭ ታጥራ ብትቀር የጠቅላላውን ሥርዓት ፍትሐዊነት የምታስነሳ ምሳሌ በሆነች ነበር።

ነፃ የተደረጉት መኪኖች ዝርዝርም ችግር ነበረበት። ታክሲዎች በሙከራው ነፃ ነበሩ፣ ቋሚው ሲመጣ ግን መክፈል ጀመሩ። በአማራጭ ነዳጅ የሚሄዱ መኪኖችም ነፃ ስለነበሩ ሽያጫቸው አሻቀበ፤ ነገር ግን ንጹሕ መኪናም ቢሆን ድልድይ ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው። ስለዚህ ይህ ነፃነት ለአዲስ መኪኖች በ2008 መጨረሻ ተዘጋ። የውጭ አገር ሰሌዳ ያላቸው እስከ 2015 ድረስ አልከፈሉም ነበር፤ ከጎናቸው የሚከፍለው ሾፌር ይህን እያየ ነበር የሚያልፈው።

ሰልፉ የተመለሰባቸው ሳምንታት

ጁላይ 31 ቀን 2006 ሙከራው አበቃ፤ ካሜራዎቹ ጠፉ። በማግስቱ መኪናው መመለስ ጀመረ። ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው አልደረሰም፤ ጥቂት በመቶ ያህሉ በያዘው አዲስ ልማድ ቀረ። ሰልፉ ግን ተመለሰ። ሴፕቴምበር 17 ቀን ሕዝበ ውሳኔው ከአገር አቀፉ ምርጫ ጋር ሲደረግ፣ መራጩ ሦስቱንም መልክ በዓይኑ አይቷል፦ ክፍያ ሳይኖር፣ ክፍያ ሲኖር፣ ክፍያ ሲነሳ። በእኛ ግምት ከየትኛውም የሰባት ወር ውጤት ይልቅ ያ የኦገስትና የሴፕቴምበር ሰልፍ ነው ሚዛኑን የደፋው። መጥፎው ነገር ሲመለስ፣ ቀድሞ የተፈጥሮ ዕጣ የመሰለው ሰልፍ የምርጫ ጉዳይ ሆኖ ታየ።

በስቶክሆልም ከተማ ባዶ ድምፅ ሳይቆጠር 53 በመቶው ይሁን አለ። በዙሪያዋ ያሉ 14 ማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ የራሳቸውን ድምፅ አሰጡ። እነሱ ሲደመሩ ከአሥር መራጭ ስድስቱ እምቢ አለ። የእነሱን ቅሬታ አናሳንሰውም፤ በየቀኑ ክበቡን የሚያቋርጡት እነሱ ሲሆኑ የተቆጠረው የከተማዋ ድምፅ ነው። አየሩ የሚጠራላቸውና ጎዳናው ጸጥ የሚልላቸው የመሃል ከተማ ነዋሪዎች ናቸው፤ የክፍያው መጠየቂያ የሚመጣው ግን ለዳር ከተማውም ጭምር ነው።

በዚያው ቀን ቢልስትሮም ሥልጣናቸውን አጡ፣ በአገር ደረጃም በፍሬድሪክ ራይንፌልት የሚመራው የቀኝ ዘመም ጥምረት አሸነፈ። ክፍያውን ሲቃወሙ የነበሩት ፓርቲዎች ናቸው እንግዲህ ውሳኔውን የሚፈጽሙት። የከተማዋን ውጤት ተቀብለው ክፍያውን ከኦገስት 1 ቀን 2007 ጀምሮ ቋሚ ሲያደርጉት፣ ገቢው ለክልሉ መንገዶች፣ በተለይም ለምዕራባዊው አዲስ ማለፊያ መንገድ እንዲውል ወሰኑ። የአካባቢ ጥበቃ ደጋፊዎች በዚህ አዘኑ። ሐዘናቸው ተገቢ ነው፣ ውሳኔው ግን ተቃውሞን ከሥሩ ነቀለው፤ ከዚያ በኋላ ክፍያውን ለማስነሳት የሚታገል ትልቅ ፓርቲ አልቀረም። ሁሉም ከገቢው የሚፈልገው ነገር አገኘ።

ከሌሎች ሁለት ከተሞች አንጻር

የስኮትላንዷ ኤድንብራ ነዋሪዎች በፌብሩዋሪ 2005 ድምፅ ሲሰጡ ክፍያውን የሚያውቁት በወረቀት ብቻ ነበር፤ 74 በመቶው እምቢ አለና ዕቅዱ ተቀበረ። የስዊድኗ ጎተንበርግ ግን የተገላቢጦሽ ናት፤ ጃንዋሪ 2013 ጀምራ በሴፕቴምበር 2014 ድምፅ አሰጠች፣ 57 በመቶው ተቃወመ። እዚያም ከጀመረ በኋላ ድጋፍ ጨምሮ ነበር፣ ነገር ግን ሰልፏ መጀመሪያውኑ እንደ ስቶክሆልም የከፋ ስላልነበር የሚታየውም ለውጥ ያንኑ ያህል አነሰ። ገቢው ቀድሞ ለትልቅ የባቡርና የመንገድ ዕቅድ ተይዞ ነበርና ምክር ቤቱ ክፍያውን ቀጠለበት። ስለዚህ «ሰው ካየው ይቀበለዋል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የሚታይ ነገር መኖር አለበት።

ከዚያ በኋላ

በስቶክሆልም ሐሳባቸውን ከቀየሩት ሰዎች ብዙዎቹ ኋላ ሲጠየቁ እንደቀየሩ አያስታውሱም፤ ከመጀመሪያውም የደገፉ ይመስላቸዋል። ክፍያው እንደ መንገድ መብራት የተለመደ ነገር ሆኗል። ለዚህ ነው በጃንዋሪ 2016 ከፍተኛው ታሪፍ ከ20 ወደ 35 ክሮና፣ የቀኑ ጣሪያም ወደ 105 ሲያድግ፣ ኤሲንጌሌደንም ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍያ ሲገባበት፣ እንደ 2005 ያለ ማዕበል ያልተነሳው። በ2020 የመሃል ከተማው ከፍተኛ ታሪፍ 45፣ ጣሪያው 135 ደረሰ፤ የጁላይ የመጀመሪያ ቀናትም ክፍያ ተጨመረባቸው።

የ2016ቱ ጭማሪ ከ2013ቱ የሜትሮ ማስፋፊያ ስምምነት የመጣ ነው። አዲስ ከሚሠሩት መስመሮች አንዱ ከዙሪያው ማዘጋጃ ቤቶች አንዷ ወደሆነችው ናካ ይዘልቃል። በ2006 የናካ መራጭ አብዛኛው ክፍያውን እምቢ ብሎ ነበር።